ቢላዬን በእሳት አላሳለፍኩም

የአክስቴን የእንሰት ጓሮ ማን እንዳጠፋው በወላይታዋ በዴሳ ዙሪያ የማያውቅ የለም። ብትጠይቁ ሰውየውን በጣት ያሳዩአችኋል። ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የተወለዱ፣ በቀን ሥራ የሚተዳደሩ አዛውንት ናቸው። በበጋ፣ ሣር ሲጠፋ፣ ለከብት የሚሆን የእንሰት ቅጠል እየቆረጡ ከቤት ቤት ይሠሩ ነበር። «በሽታውን ያመጣው የእሳቸው ቢላዋ ነው» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ቅጠል ቁረጡልኝ ብሎ የጠራቸው ሰው የለም።

ሁሉም የሚያውቀው ይህ ነገር ውሸት ነው። ቢላዋው የኔ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከበዴሳ ርቆ፣ አዲስ አበባ፣ እንጦጦ ሥር ነው። መስከረም ነበር፤ ክረምቱ ወጥቷል፣ ትምህርቱ ገና አልተጧጧፈም። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። አንድ ባልደረባዬ «ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልን አይተኸዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ዕፅዋት እያስተማርኩ፣ እዚሁ ከተማ እየኖርኩ አለማየቴን መናገር አሳፈረኝና «አዎ፣ ድሮ» አልኩት። አሁን ወደኋላ ሳስበው ውሸቱም እዚያው ነው የጀመረው።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ቸኩሎ የሚታይ ቦታ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት፣ በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ የተዘረጋ ከ700 ሄክታር በላይ ተራራማ መሬት ነው። ባሕር ዛፉ ብዙ ነው። በምኒልክ ዘመን የከተማዋን የማገዶ ችግር እንዲያቃልል የመጣው ይህ ዛፍ እንጦጦን ከወረሰ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አሁን ግን በመሃሉ ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው እየተተከለ የድሮ ቦታውን ለማስመለስ እየታገለ ነው። ከፍ ሲሉ አስታና አምጃ ይመጣሉ። ቀጋው ከመንገዱ ዳር ተንዠርግጓል። አደይ አበባው ገና አልረገፈም፤ መሬቱም የክረምቱን ውሃ ጠጥቶ ስላልጨረሰ ሲረግጡት ይሰረጉዳል። የምርቃት ፎቶ የሚነሡ ወጣቶች አልፈውን ሄዱ። እኛ ግን ከአንዱ ጥላ ወደ ሌላው እያዘገምን፣ ደክሞን ሳይሆን ለመቀመጥ ስንል ብቻ እየተቀመጥን ግማሽ ቀን አሳለፍን። እንደዚያ ያለ ዕረፍት ከስንት ጊዜ በኋላ እንዳገኘሁ አላስታውስም።

የሳበኝ ግን ከተክሉ ይልቅ ሰሌዳው ነበር። ዛፉ ሥር አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ትቆማለች፤ የላቲን ስሙ፣ ቤተሰቡ፣ የአገር ስሙ ተጽፎባታል። ትናንት ማገዶ የነበረ ነገር ስሙ ሲጻፍለት ባለማዕረግ የሆነ መሰለኝ። ባልደረባዬ ከኔ የተሻለ ያውቃል። የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት ለመመዝገብ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ስለተጠናቀቀው ሥራ አጫወተኝ። ስድስት ሺህ ገደማ ዓይነት ዕፅዋት ተመዝግበዋል፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል ከዚህ ምድር ውጭ የትም የማይበቅል ነው። ሥራውን ዳር ካደረሱት አንዱ፣ ይህንን የጉለሌ ማዕከልም የመሩት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የእንግሊዙ ኪው የዕፅዋት ሥፍራ ዓለም አቀፍ ሜዳሊያውን እንደሰጣቸው ነገረኝ። እሱ ስለ ሥራው ሲያወራ እኔ የሰማሁት ስለ ሜዳሊያው ብቻ ነበር።

«እንሰትስ?» አልኩት። በዚያ ቀን በሄድንበት መንገድ እንሰት አላየሁም፤ ቆጨኝ። በሌላ በኩል ይኖር ይሆናል፤ ከሠራተኞቹ አንዱን መጠየቅ ይቻል ነበር፤ አልጠየቅኩም። ብጠይቅና «አለ፣ በዚህ በኩል ነው» ብባል ቁጭቴ ሊከሽፍብኝ ነው፤ እኔ ደግሞ ቁጭቱን ወድጄዋለሁ።

ያን ሳምንት ስለ እንሰት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1853 ምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል የእንሰት ፍሬ ወደ ኪው ይልካል። የኪው ሰዎች እንዲህ ያለ ፍሬ አይተው ስለማያውቁ ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ በቅሎ ቅጠል ሲያወጣ ነው የሙዝ ዘመድ መሆኑን ያወቁት። ጄምስ ብሩስ ከዚያ በፊት ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ አውጥቶት ነበር። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ቅጠሉ የሚቀላ ዓይነት ለጌጥ ብቻ በየግቢው ይተከላል። ሀያ ሚሊዮን ገደማ ኢትዮጵያዊ የሚኖርበትን ተክል ፈረንጅ ለግቢ ማስዋቢያ ሲያደርገው፣ እኛ ግን ሰሌዳ እንኳ አላቆምንለትም ብዬ ተንገበገብኩ። መንገብገቡ ደስ ይላል፤ ሰውን ሳይሠራ የሠራ ያስመስለዋል።

በሐሳቤ የመጣልኝ ቦታ የአክስቴ ጓሮ ነበር።

አክስቴ የምትኖረው ከበዴሳ ከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ ከላይ ዳሞታ ተራራ፣ ከታች የብላቴ ቆላ ባለበት መካከል። የወላይታ ገበሬ መሬት ጠባብ ነው፤ ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው ደህና አለው ይባላል። ያችው መሬት ግን ሥርዓት አላት። ከቤቱ ጀርባ ፍግ የጠገበው ዳርኩዋ አለ፤ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጎደሬው፣ ቦዬው፣ ጎመኑ እዚያ ነው። በቆሎና ስኳር ድንቹ ራቅ ብሎ ሾቃ ላይ ይዘራል። ሾቃ ዓመት ጠብቆ ይሰጣል፣ ዓመት ጠብቆ ይነሳል። ዳርኩዋ ግን መጠባበቂያ ነው። በ1992 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ስኳር ድንቹ ሳይዝ ሲቀር፣ አገሩ አረንጓዴ ሆኖ ሰው የተራበበት ጊዜ፣ የአክስቴን ልጆችና እኔንም ጭምር ያቆየን የእሷ እንሰት ነው። ገና ያልደረሰውን ሁሉ እየነቀለች ሥሩን፣ አሚቾውን፣ ቀቀለችልን። በኋላ ጓሮውን እንደገና ለመሙላት ዓመታት ፈጀባት። አንድ እንሰት ለመድረስ እንደ ደጋውና ቆላው አራትም ስድስትም ዓመት ይፈልጋል፤ በመሃል ደግሞ ከቦታ ቦታ እየተዛወረ ይተከላል።

እንሰቶቿን በስም ታውቃቸዋለች። ሀላ፣ ቱዙማ፣ ገፈታኑዋ፣ አርኪያ፣ ማዝያ። አንዱ ለቆጮ፣ አንዱ ለአሚቾ፣ አንዱ ቃጫው ጠንካራ፣ አንዱ ቡላው ነጭ። ወንድና ሴት ብላም ትለያቸዋለች፤ ወንዱ ቶሎ አይደርስም፣ ግን ብርቱ ነው፤ ሴቷ ትለሰልሳለች፣ ትጣፍጣለች፣ በሽታ ግን አትችልም። እኔ ይህንን ሁሉ ስሰማ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሆኖም ከጉለሌ በኋላ ስሰማው እንደ አዲስ ሆነብኝ፤ በጆሮዬ የሚገባው ነገር ወዲያው ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ይታየኝ ነበር።

ዕቅዴ ይህ ነው፦ በአካባቢው ያሉትን የእንሰት ዓይነቶች ሁሉ ሰብስቤ አክስቴ ጓሮ ውስጥ በረድፍ እተክላለሁ፤ ሰሌዳ አቆምላቸዋለሁ፤ ተማሪ ይጎበኘዋል፤ ጋዜጠኛ ይመጣል። በዚያው በወላይታ፣ አረካ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች የተሰበሰቡ በመቶዎች የሚቆጠሩ የእንሰት ዓይነቶች በሥርዓት ተተክለው እንደሚጠበቁ አውቅ ነበር። ሄጄ አላየሁትም። ሄጄ ቢሆን ኖሮ ከሌላ ቦታ የመጣ ችግኝ እንዴት እንደሚመረመር፣ መሣሪያ እንዴት እንደሚጸዳ ይነግሩኝ ነበር። ያ ሥራ ግን የእነሱ እንጂ የኔ አይሆንም።

ጥር ላይ፣ በሴሚስተር ዕረፍት፣ ወደ በዴሳ ወረድኩ። አክስቴ ሐሳቤን ስትሰማ ሳቀች። «እንሰት ለመብላት እንጂ ለማንበብ ይተከላል?» አለች። ግን እኔን እምቢ ማለት አታውቅበትም። ከጓሮዋ ዳር ያለውን ቦታ ለቀቀችልኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ከሰው ቤት ስትቆርጥ ቢላዋህን እሳት አስነካው። የልማት ሠራተኛዋ እንደዚያ ብላናለች።»

«እሺ» አልኳት።

በዘመድ፣ በዘመድ ዘመድ እየተላክሁ ዞርኩ። ከዳሞታ ተዳፋት፣ ከገበያው ማዶ፣ ከቦሎሶ በኩል ሳይቀር። ሰው እንግዳ ይወዳል፤ ችግኝ ሰጥተውኝ ቡናም አጠጡኝ፤ አብዛኞቹ ገንዘብ አልተቀበሉኝም። ሥሩን የምከረክመው፣ ቅጠሉን የማሳጥረው አዲስ አበባ በገዛኋት ታጣፊ ቢላዋ ነበር። መጀመሪያ አካባቢ እንዳለችኝ በክብሪትም በምድጃም አስነካኋት። ኋላ ላይ ተውኩት። በየሰው ቤት እሳት እየጠየቁ ቢላዋ ማቃጠል፣ ቤታችሁ ንጹህ አይደለም የማለት ያህል ሆኖ ታየኝ፤ ደግሞም ይሰለቻል።

ዳሞታ ግርጌ አንድ ቤት ደረስኩ። ትልልቆቹ ገበያ ሄደዋል፤ አንድ ልጅ ነው ያስተናገደኝ። የፈለግሁት እንሰት አጠገብ አንዱ ቆሟል፤ የመሃል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ታጥፏል። አየሁት። ስለ ባክቴሪያ በየዓመቱ የማስተምር ሰው ነኝ፤ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ምን እንደሚመስል በመጽሐፍ አውቃለሁ። ጸሐዩ ይሆናል አልኩ። ችግኙን ከመቆፈሬ በፊት ፎቶ ላነሳ ፈለግሁ፤ የታጠፈው ቅጠል ፎቶውን አበላሸብኝ። በቢላዬ ቆርጬ ጣልኩት። ፎቶውን አነሳሁ። በዚያችው ቢላዋ ችግኞቹን ከረከምኩ፤ በዚያችው ቢላዋም በማግስቱ ሌላ ቤት ሄድኩ።

አክስቴ ስንተክል እያንዳንዱን በእጇ እያገላበጠች «ይህ ከማን ቤት ነው?» ትል ነበር። የዳሞታ ግርጌው ላይ ስትደርስ «የዚያ ቤት እንሰት ደህና ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ደህና ነው» አልኳት።

ሰሌዳዎቹን ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጬ ሠራኋቸው፣ በቀለም ጻፍኩባቸው። እንግዲህ በእያንዳንዱ ላይ ያለው የላቲን ስም አንድ ነው፦ ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም። ከዳር እስከ ዳር ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም፣ ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም። ጎረቤቶቹ እየመጡ ሲያዩ አንዱ ሽማግሌ «ሁሉም አንድ ከሆኑ ምን አደከመህ?» አሉኝ። ሳቅን። አክስቴም ሳይታወቃት ኩራት ቢጤ ያዛት፤ እንግዳ ሲመጣ ቡና ሳታፈላ ወደ ጓሮ ትወስደው ጀመር።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ላይ የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ፤ «ጋሼ፣ ቅጠሉ ተኛ።» እኔ የተከልኩት ብቻ አልነበረም። የእሷ ነባሩ፣ ለመስቀል የደረሰው፣ ጭምር። ወረድኩ። አንዱን ግንድ አግድም ቆረጥነው፤ ብዙም ሳይቆይ ከተቆረጠው ላይ ቢጫ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ማዠት ጀመረ። የሚያከራክር አልነበረም።

መድኃኒት የለውም። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ባክቴሪያውን በእንሰት ላይ ለይተው ስም ከሰጡት ጀምሮ መድኃኒት አልተገኘለትም። ያለው መከላከል ነው፦ የታመመውን መንቀልና መቅበር፣ መሣሪያን በእሳት ወይም በበረኪና ማጽዳት፣ ጤነኛ ችግኝ መትከል፣ ቦታውን ከእንሰት ማሳረፍ። ይኸው ተዋሲ እ.ኤ.አ. በ2001 ዩጋንዳ ገብቶ ሙዙን ፈጅቷል፤ ከዚያም ኮንጎን፣ ሩዋንዳን፣ ታንዛኒያን አዳረሰ። እዚያም በቢላዋና በችግኝ ጭምር ተጉዟል። ይህንን ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ሳልደናቀፍ ላስረዳ እችላለሁ።

ጓሮው ውስጥ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቧል። ማን አመጣው የሚለው ጥያቄ ተነሳ። አንዱ እኒያን አዛውንት አነሳ፤ በጋውን ቅጠል የቆረጡት እሳቸው ናቸው፣ የትም ቤት ይገባሉ፣ ያው የሚታወቁ ናቸው። «የሚታወቁ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች በኛ አገር የቆየ ንቀት አለባቸው፤ ሰው ጋናቸውን ይገዛል፣ ገበታ ግን አያቀርባቸውም። እኔ ራሴ፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉትን ሰው፣ እንደ ሌላው «አንተ» እያልኩ ነው ያደግኩት።

የአክስቴ ልጅ ወደኔ ዞረ። «ጋሼ፣ አንተ መምህር ነህ። ቢላዋ ያስተላልፈዋል?»

«አዎ» አልኩ። «ቢላዋ ያስተላልፈዋል።»

በሳይንስ አንድ እንከን የለበትም። ፈተና ላይ ቢመጣ ሙሉ ነጥብ ያሰጣል። እኔም በዚያ እውነት ሰው ገደልኩበት፤ ከዚያች ቃል በኋላ የአዛውንቱ ጉዳይ ተዘጋ። አክስቴ ብቻ ዝም ብላ አየችኝ። ያን ጊዜ ጠርጥራ እንደነበር ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ነቀልን፣ ቀበርን። ማዝያዎቹ ቆመው ቀሩ፤ ማዝያ በምርምርም ይህንን በሽታ ከሌላው በተሻለ እንደሚችል የታወቀ ነው፣ አክስቴ ግን ከምርምሩም ቀድማ ወንድ ናቸው ትላለች። የቀረው ጉድጓድ ገባ። ጓሮዋ ሲራቆት ከመንገድ ላይ ሆኖ የቤቷን በር ማየት ተቻለ፤ ከዚያ በፊት በእንሰቱ ተሸፍኖ አይታይም ነበር። ቡላ ሸጣ የምትገዛው ጨው፣ ሳሙና፣ የልጅ ልጅ ደብተር፣ በበጋ ለላሟ የምትሰጠው ቅጠል፣ ለለቅሶ የምትወስደው ቆጮ፣ ሁሉም በአንድ ክረምት ሄደ። ሰሌዳዎቹን የአክስቴ ልጅ የዶሮ ቤት ጠገነባቸው።

መስከረም መጣ፣ የወላይታ አዲስ ዓመት ጊፋታ ደረሰ። በወላይታ ጊፋታ ሳይታረቁ አይገባም፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ የተቀያየመ ይጠራል፣ ቂም ይዞ ወደ አዲስ ዓመት መሻገር ነውር ነው። ያን ሰሞን እኔም ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጥኩ፤ የተማረ ነው ተብዬ ከፊት። አንድ ባልና ሚስት ታረቁ። ስለ ድንበር የተጣሉ ወንድማማቾች ታረቁ። የአዛውንቱን ጉዳይ ያነሳ ሰው የለም፤ ምክንያቱም ጠብ አልነበረም፣ የተጣላቸው ሰው የለም፣ መጥራት ብቻ ነው የተዉአቸው። ሙቿው ቀረበ፣ ሥጋው ቀረበ፣ በላሁ።

አዲስ አበባ ተመልሼ መጽናኛ ፍለጋ አነበብኩ። አላፍርበትም፤ እኔን መሰል ሞኝ በዓለም ላይ መኖሩን ማየት ፈለግሁ። አገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ1904 ኒው ዮርክ ብሮንክስ በሚገኘው የእንስሳት ሥፍራ ውስጥ የቆሙ የአሜሪካ ቼስትነት ዛፎች መድረቅ ጀመሩ። በሽታው ከእስያ ለጌጥና ለፍሬ ከመጡ የቼስትነት ችግኞች ጋር የገባ ሻጋታ ነበር። በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ወደ አራት ቢሊዮን የሚጠጉ ዛፎች አለቁ። ያመጡት ሰዎች ዛፍ የሚጠሉ አልነበሩም። ዛሬ እንደ ኪው ያሉ ታላላቅ የዕፅዋት ሥፍራዎች ከውጭ የሚመጣ ተክል መጀመሪያ ለብቻው ተዘግቶ የሚቆይበት ቤት ያላቸው ከዚህ ዓይነቱ ጥፋት ተምረው ነው። ጉለሌ በሄድኩ ቀን እኔ ያየሁት ሰሌዳውን ነው። ከሰሌዳው ኋላ ያለውን ጥንቃቄ፣ ችግኝ ጣቢያውን፣ መዝገቡን፣ ይህ ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄ አላየሁም፤ አክስቴ ግን እያንዳንዱን ችግኝ በእጇ ስታገላብጥ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነበር።

መጽናኛው አልሠራም። አሜሪካኖቹ አያውቁም ነበር። እኔ አውቅ ነበር።

በሚቀጥለው ጊፋታ ዋዜማ ለአክስቴ ነገርኳት። ፎቶውን ሁሉ አሳየኋት፤ በስልኬ ውስጥ አለ፣ ቅጠሉ የተቆረጠበት ቦታ ገና ትኩስ ነው። ታለቅሳለች ወይም ትቆጣለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ይቅርታ ስላት እንዳልሰማች ሆነች። «ከዚያ ቤት ቀጥሎ የማን ቤት ቆረጥክ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ከዚያስ?» ነገርኳት። «ከዚያስ?» እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቢላዋዬ በዚያ ቤትና በአክስቴ ቤት መካከል ሌሎች ጓሮዎች ውስጥ መግባቷን አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም ነበር። ሐዘኔ ሁሉ ስለ ራሴ ነበር። እሷ ደግሞ የምትቆጥረው የሰው እንሰት ነው።

ከዚያ ወደ አዛውንቱ ቤት ሄድኩ። ውጭ ተቀምጠው ነበር። ተቀመጥ አሉኝ። ጨርሼ እስክናገር አላቋረጡኝም። ከዚያ «እኔ ቢላዬን በእሳት ሳላሳልፍ የሰው ጓሮ ገብቼ አላውቅም» አሉ። «እኔን የመሰለ ሰው የሚጠነቀቀው ከናንተ ይበልጣል። አንድ ነገር ቢበላሽ በማን እንደሚመካኝ እናውቃለን።» ትንሽ ቆይተው «ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ እንዳልሆንኩ አውቀው የለ። ለእነሱ ንገር» አሉኝ።

ለእነሱ ነገርኩ፤ ማለትም ነገርኩ ብዬ ነበር። የእድር ስብሰባ ላይ ቆሜ ተናገርኩ። ከአፌ የወጣው ቃል ግን ይህ ነው፦ «በሽታው እኔ ካመጣሁት ችግኝ ጋር የመጣ ሊሆን ይችላል።» ሊሆን ይችላል። የዳሞታ ግርጌውን ቤት አልጠራሁም፣ የታጠፈውን ቅጠል አላነሳሁም፣ አክስቴ ስትጠይቀኝ ምን ብዬ እንደመለስኩላት አልተናገርኩም። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፤ «መምህር፣ አንተ በጎ አስበህ ነው፤ ደግሞ በእርግጥ አይታወቅም» አሉኝ። ከኋላ የተቀመጡት አዛውንት ሲስቁ ሰማሁ። ሌላው ያልሰማ መሰለ። ያን በጋም ቅጠል የቆረጠው ሌላ ሰው ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ «ይችላል» የለም። በሽተኛ እንሰት አየሁ፤ አወቅሁት፤ ለፎቶ ስል ቆረጥኩት፤ ቢላዬን በእሳት አላሳለፍኩም፤ ተጠይቄ ዋሸሁ፤ ሌላ ሰው ሲከሰስ ክሱን በእውቀቴ አጸናሁት። በዴሳ አካባቢ ይህንን የሚያነብ ዘመድ ካለ ለማያነበው ያንብብለት። ሰውየው ማን እንደሆኑ ስማቸውን ሳልጽፍ ታውቃላችሁ።

የአክስቴ ጓሮ አሁን ከማዝያዎቹ በቀር ጎመንና ጎደሬ ነው። ማዝያ ብቻ እንዲበዛላት ፈልጋ አንዱን ገና ሳይደርስ ነቅላ፣ እምብርቱን አውጥታ ቀብራዋለች፤ ከአንድ ሥር በርካታ ችግኝ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው። በቅለው ሳይ ለመከርከም እጄን ዘረጋሁ። ቢላዋውን ቀማችኝና አዛውንቱን አስጠራች። መጡ፤ ምድጃው ላይ አስነክተው፣ ቀዝቅዞላቸው፣ ሥራቸውን ጀመሩ። የቀን ሒሳባቸውን እኔ ልክፈል ስል አክስቴ እምቢ አለች። «የአንተ ዕዳ ሌላ ነው» አለች።

ሌላው ዕዳ ያ ቢላዋዬ የዞረችባቸው ቤቶች ናቸው። ለአንዳንዶቹ ሄጄ ነግሬያለሁ፤ አንዱ ጓሮ ደህና ነው፣ አንዱ ግማሹ ሄዷል፤ ባለቤቱ ውጣልኝ አለኝ፣ ወጣሁ። ከቦሎሶ በኩል ያለው ቤት ግን ይቀረኛል። ያን ዕለት ምሳ አብልተውኝ፣ ችግኙን ራሳቸው ተሸክመው እስከ መንገድ ድረስ የሸኙኝ ሰዎች ናቸው። ስልካቸው አለኝ። ደውዬ ልንገራቸው ስል አክስቴ «በእግርህ ነው የሄድከው፣ በእግርህ ተመለስ» አለችኝ። የሚመጣው የሴሚስተር ዕረፍት ጥር ላይ ነው።